አመዱ የያዘው እጅ

ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። "እጄ ያልበዋል፣ እንዳትደነግጥ" እላለሁ፤ ከዚያ እጨብጠዋለሁ፣ ያውም ጥብቅ አድርጌ። ወልዲያ ላይ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። መርፌዎቼ ሳሙና ላይ ተሰክተው ነው የሚያድሩት፤ አለዚያ ላቤ ያዝጋቸዋል። ነጭ ጨርቅ ከመያዜ በፊት መዳፌን ጠመኔ እቀባለሁ። ወገቤ ላይ ሁለት ፎጣ አይጠፋም፤ አንዱ ሲረጥብ በሌላው እሠራለሁ። የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ አንዲት ነጠብጣብ የተገኘበት ቀን የለም፤ ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት ነው፣ ምን አለበት?

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ አባቴ ነው። እኔም በበኩሌ በዚሁ በሚያልበው እጄ አንድ ቀን አባቴን ከሞት አድኜዋለሁ። ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማምነው፤ ሰርግ ላይ አውርቻለሁ፣ ለቅሶ ቤት አውርቻለሁ፣ አንዴ ከደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀር አውርቻለሁ። ዛሬ ግን እንደሆነው ላውራው።

አባቴ ኡበይደላ መርሳ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። የእሱ ላብ የዋዛ ላብ እንዳይመስላችሁ። ሙቀት አይል፣ ብርድ አይል፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ከአገጩ ጠብ ጠብ ይላል። በቀን ሦስት ሸሚዝ ይቀይራል። እናቴ ከድጃ "ባል አገባሁ ስል ለካ እጥበት ነው የተቀጠርኩት!" እያለች ትተርበዋለች። አዲስ ደንበኛ መጥቶ ፊቱን አይቶ ሲደናገጥ አባ ቀደም ይልና "አብሽር፣ አሞኝ አይደለም። አላህ ሲፈጥረኝ ውሃ አብዝቶብኝ ነው" ይለዋል። ሰውየው ይስቃል፣ ጨርቁን ይሰጣል፣ ይሄዳል።

እናቴ ደግሞ የእሱ ተቃራኒ ናት። ማሽላ ስትቆርጥ ውላ እንኳ ግንባሯ አይረጥብም። እጇ ደረቅና ሻካራ ነው፤ ፊቴን ስታብሰኝ ይቧጥጠኝ ነበር።

እኔ ቁርጥ አባቴን። ትምህርት ቤት ደብተሬ ከእጄ ላይ ተጣብቆ ይቀደዳል፤ ከጎረቤታችን ልጅ ከረሂማ ጋር እጅ ለእጅ እያጨበጨብን ስንጫወት ልጆቹ ይሸሹኛል። ከኋላዬ "ቧንቧ" ይሉኝ እንደነበር ያወቅሁት ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እያለቀስኩ አባ ዘንድ ሄድኩ። የስፌት መኪናውን አቆመና አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ደብተርሽ ረጠበ? ከእጅሽ ሥር ጨርቅ አድርጊ። እስክሪብቶው አንሸራተተሽ? ክር ጠምጥሚበት። ሳቁብሽ? አንቺ ቀድመሽ ሳቂ፤ ቀድሞ በራሱ የሳቀ ሰው ላይ ሌላው የሚስቅበት ነገር ያጣል" አለኝ። ወዲያው እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ቀይ ክር ጠመጠመበት። በማግስቱ ክፍል ገብቼ "ቧንቧዋ መጣች፣ ጀሪካን አምጡ!" አልኩ። ልጆቹ ሳቁ፤ ረሂማም እጇን ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሸሸኝም። አንድ ሰው ሲቀር።

ያ ሰው እናቴ ናት። ነገሩ የሆነው በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ታጣቂዎቹ መርሳ የገቡት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መንገዱ ጭር አለ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሰፈሩ። ከሁሉ የከፋው ወፍጮ መቆሙ ነበር፤ ማሽላ በጆንያ ያለው ሰው እንኳ ዱቄት የለውም። ንፍሮ፣ ቆሎ፣ እንደገና ንፍሮ። የረሂማ እናት አራስ ነበሩ፤ አጥሚት የሚሆን እፍኝ ዱቄት ጠፍቶ ጡታቸው ደረቀ። አያ ታደሰ የሚባሉ ጎረቤታችን ከውርጌሳ በላይ ገጠር ውስጥ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበራቸው። "ወፍጮው ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ፤ ናፍጣው ነው የሞተው" ይሉ ነበር፣ ሲያዩዋቸው ያሳዝናሉ።

ናፍጣ ያለው ታጣቂዎቹ ዘንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰፈራችን ስምንት ወንዶች ተጠርተው፣ አባቴና አያ ታደሰም አሉበት፣ በባለ አሥር ሊትር ቢጫ ጀሪካን የተሞላ ናፍጣ ከመኪና አውርደው አንድ የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ደረደሩ። ሴቶቹ ደግሞ በየተራ በእንደዚያው ዓይነት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ያመላልሱላቸዋል። የውሃው በርሜል ከዚያው ክፍል በር ላይ ነበር። እማ ተራዋ ሲደርስ እኔም እከተላታለሁ፤ የገዛ ክፍሌን በመስኮት ማየት ያምረኝ ነበር።

አንድ ቀን ውሃውን ገልብጣ ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኋት። በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ይዛለች፤ አንዱን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች፣ እያንጎራጎረች ትመጣለች። በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ "እናት፣ ዛሬስ ደስ ብሎሻል" አላት።

"ሸክም ሲራገፍ ደስ አይልም እንዴ፣ ወንድሜ?" አለችው።

እኔም ላግዛት ብዬ አንዱን ጀሪካን ልቀበላት እጄን ሰደድኩ። በክርኗ ገፋችኝ። "ተይ! እጅሽ ያልበዋል፣ ያንሸራትትሻል!" አለች፣ ዘበኛው እየሰማ። ባዶ ጀሪካን! ባዶ ጀሪካን እንኳ እንድነካ አልፈለገችም። ቤት እስክንደርስ ከኋላዋ ራቅ ብዬ ሄድኩ። ልጆቹ ሲሸሹኝ ያላመመኝ ያህል አመመኝ። ማታ አጠገቧ አልተኛሁም፤ እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ ሽንቴ መጥቶ ወጣሁ። አባቴ የጨርቅ ቁርጥራጭ ከሚከምርበት ጥግ ሥር ሁለት ቢጫ ጀሪካን እየጎተተ ያወጣል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። አያ ታደሰ አህያ ይዘው ደጅ ቆመዋል፤ ቤቱ በሙሉ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

"ዛሬ ካልወጣ እንያዛለን" አለ አባ።

"ልጅቷስ?" አሉ አያ ታደሰ።

"ልጅቷ ምንም አታውቅም። እንዳታውቅም።"

ተመልሼ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገባሁ። አባቴ ሌባ ነው ማለት ነው! ደግሞም ላቡን አይቻለሁ፤ የወትሮው አልመሰለኝም፣ የፈራ ሰው ላብ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ረሂማ ቤት አጥሚት ተሠራ፤ ለእኛም፣ ለጎረቤት ሁሉ ዱቄት ደረሰ። ሁሉም በላ፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። እኔም በላሁ። ጣፈጠኝ፣ በመጣፈጡም አፈርኩ።

ብዙም አልቆየም፣ ጉዱ ፈላ። ታጣቂዎቹ ናፍጣቸውን ሊቀዱ ሲገቡ የጀሪካኑ ቁጥር ልክ ነው፤ ከኋላ የነበሩት ሁለቱ ግን ባዶ ናቸው። አዛዣቸው ወዲያው ያሰበው ያወረዱትን ሰዎች ነው፤ መንገድ ላይ ቀይረው ባዶ አስገብተዋል ብሎ። ስምንቱንም መስጊዱ ግቢ አቆማቸው፤ የሰፈሩም ሰው እንዲመጣ ተደረገ። "እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ሌባው ካልወጣ ስምንቱንም እወስዳለሁ" አለ። የተወሰደ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህኔ የመስጊዱ ኢማም ሼኽ ኢስሐቅ በምርኩዛቸው ተነሡ። ሙስሊም ከክርስቲያን ሳይሉ የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ አንተ የሰው አገር ሰው ነህ፤ እኛ የራሳችን ወግ አለን" አሉት። "ነገር ሲጠፋ አውጫጭኝ እንቀመጣለን። ሰፌድ ላይ የተነፋ አመድ ይደረጋል፤ ሁሉም መዳፉን ያኖርበታል። የንጹሕ ሰው እጅ ደረቅ ነው፣ አመዱ እፍ ሲሉት ይበናል። የሌባ እጅ ያልበዋል፣ አመዱ ይይዘዋል።"

አውጫጭኝ እውነት ነው፤ ያገሬው ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛ የሚያወጣበት የቆየ ልማድ ነው። የአመዱን ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት በመላው ወረዳችን በሀብሩ የሰማ ሰው የለም። ሼኹ እዚያው ቆመው የፈጠሩት ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ግን እንደ ቁርአን ነው ያመንኩት።

ያ ረቢ! አባቴ አለቀለት አልኩ። ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሚያልበው ሰው፣ ደግሞ በዓይኔ ያየሁት ሌባ! አዛዡ ቅር እያለው "አምጡ እንግዲህ" ሲል አንዲት ሴትዮ ሰፌድ ልታመጣ ሮጠች። ያለኝ ጊዜ ሰፌዱ እስኪመጣ ብቻ ነው። እንደ መብረቅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ አባቴ ብቻውን እርጥብ ከሆነ ይያዛል፣ ሁሉም እርጥብ ከሆኑስ?

ከሴቶቹ መካከል ወጣሁ። ልጅ ታላቆቹን እጅ ነስቶ ቢስም ማን ይከለክለዋል? ከዳር ካሉት ከአናጢው ከሙላቱ ጀመርኩ። "አሰላሙ አለይኩም" ብዬ እጁን በሁለት እጄ ያዝኩና ጨመቅሁት፣ አሸሁት፣ ሳምኩት። ወደሚቀጥለው አለፍኩ። አያ ታደሰ ጋ ስደርስ "እንደምን ዋሉ አያ ታደሰ" ብዬ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። "ደህና ነኝ ልጄ" አሉ። የሁሉም እጅ ቀዝቅዞ ርሷል። ሠራሁላቸው! አልኩ በሆዴ። ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርኩበት ላብ ለካ ለዚች ቀን ነበር የተሰጠኝ።

መጨረሻ ላይ አባቴ ጋ ደረስኩ። እሱን መጨመቅ አላስፈለገኝም። ጎንበስ ብሎ "ምን እያደረግሽ ነው፣ ኢሕሳን?" አለኝ።

"እያረጠብኳቸው ነው" አልኩት በሹክሹክታ።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ማወቅ አልቻልኩም።

ሰፌዱ መጣ። በዚያው ቅጽበት እናቴ ከሴቶቹ መካከል አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች፣ አፏን ከፈተች። ሼኽ ኢስሐቅ ምርኩዛቸውን መሬት መቱና ጮኹባት፤ "ከድጃ! ልጅሽን ያዢ!"

እማ መጥታ አንጓዬን ያዘችኝ። መዳፌን አይደለም፣ አንጓዬን፤ እስኪያመኝ ድረስ። በሰው ፊት አሳፈርኳት አልኩ። እጄ አስጠላት አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ግን ዋጥሁት፤ የማድነው ሰው ነበረኝ።

ሙላቱ እጁን አመዱ ላይ አኑሮ አነሣ። ቢያራግፈው፣ እፍ ቢለው፣ ወይ ፍንክች! የሚቀጥለውም እንደዚያው። አያ ታደሰም እንደዚያው። ሰባቱም። አባቴ ሲያወጣ እጁ እስከ አንጓው በአመድ ተለስኗል። ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና "እንግዲህ እኔ ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ሌባ ነኝ ማለት ነው" አለ። ሰው እንደፈራ ሳቀ።

አዛዡ ግን አልሳቀም። "ስምንታችሁም ናችሁ ማለት ነው?"

"ወይ ስምንቱም ሌቦች ናቸው፣ ወይ አመዱ ዋሽቷል" አሉ ሼኽ ኢስሐቅ። "እስቲ አንተ ሞክረው፣ ልጄ። አንተ እንኳ የሰረቅኸው ነገር የለም።"

አዛዡ ወጣት ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየው እምቢ ማለት አልቻለም። መዳፉን አኖረ፣ አነሣ። እንደ ሌሎቹ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ትክ ብሎ ሲያየው፣ ደብተሩን ያበላሸ ተማሪ መሰለኝ። ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረገና "የዚህ አገር ሙቀት…" ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። ስምንቱም ሰዎች ሳምንት ሙሉ ጉድጓድ እንዲቆፍሩ ፈረደባቸው፣ ናፍጣው ያለበትን ክፍልም ቆለፈው። የወሰደው ሰው ግን የለም። አባ በዚያ ማታ እቤታችን ንፍሮውን እየበላ፣ እያላበው፣ እየቀለደ አመሸ።

በኋላ ቆም ብዬ ሳስበው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስምንት ወንድ አታረጥብም። ሳልነካቸው በፊት ረጥበው ነበር። ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም ከዚያ ዱቄት በልተዋል። ሼኽ ኢስሐቅን፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ከመሞታቸው በፊት ጠይቄያቸው ነበር። "ጠመንጃ ፊት ቆሞ እጁ የማይረጥብ ሰው አላህ አልፈጠረም" አሉኝ። "ጠመንጃውን ለያዘውም ቢሆን እንደዚያው ነው። እኔ በዚያ ነው የተማመንኩት። የአንቺ እጅ ግን በረካ ጨምሮበታል።" ከስምንቱ ያልፈራ ቢኖር አባቴ ነበር፤ እሱ የወትሮውን ነው ያላበው፣ ሻይ ሲጠጣ እንደሚያልበው።

ይህን ባውቅም ሁለት ነገር አልለቀቀኝም፤ ሰራቂው አባቴ፣ የምታፍርብኝ እናቴ።

አምና እማ ከመርሳ ልትጠይቀኝ ወልዲያ መጣች። መብራት ጠፍቷል፣ የሙሽራ ቀሚስ ይዣለሁ፣ ጄነሬተሩ ቤንዚን ጨርሷል። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ፤ አንዱን ብቻ ነው የሞሉልኝ። ስመለስ እማ መንገድ ላይ ተቀበለችኝና ሁለቱንም ከእጄ ነጠቀችኝ። "ተይ፣ እጅሽ ያንሸራትትሻል" ብላ ቀደመችኝ። እያንጎራጎረች ትሄዳለች። አንዱ ጀሪካን ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ሌላው ግን ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ ንቅንቅ አይልም። ከኋላ ለሚያያት ሁለቱም ባዶ ናቸው።

እዚያው መንገዱ መሐል ቆምኩ። ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ።

"እማ!" አልኩ። "አንቺ ነበርሽ?"

"ምኑን?"

"ናፍጣውን!"

ጀሪካኖቹን መሬት አኖረች። ግንባሯ ደረቅ ነው። "ኧረ እንዴት ዘገየሽ፣ ልጄ!" አለች። "ውሃዬን እገለብጥና ባዶውን ትቼ ሙሉውን ይዤ እወጣለሁ። ሁለት ቀን፣ ሁለት ጀሪካን። የረሂማ እናት ልጅ ሊሞትባት ነበር እኮ። አባትሽ እስከ ዛሬ 'አንቺ ሰረቅሽ፣ እኔ አላበኝ' ይለኛል።"

"ያን ቀን መስጊዱ ጋ ወደፊት የወጣሽው…"

"እኔ ነኝ ልል ነዋ! ባሌን ሲወስዱት እኔ ቆሜ ልይ? ሼኹ ገብቷቸው ነው የጮኹብኝ። ልጅሽን ያዢ ያሉኝ አንቺን እንድይዝ መሰለሽ? አፌን እንድይዝ ነው። እኔም አንቺን ይዤ ነው የቆምኩት፣ እንዳልወድቅ።"

አንጓዬ ላይ የነበረው ሕመም ትዝ አለኝ። "ታዲያ ባዶ ጀሪካን እንኳ አላስነካሽኝም ብዬ ስንት ዓመት…" አልኳት። "እጄ የሚያስጠላሽ ነበር የሚመስለኝ፣ እማ።"

እማ ዞራ አየችኝ። "ባዶ?" አለች ቀስ ብላ። "እጅሽን የዘረጋሽው ወደ ሙሉው ነው። ዘበኛው ፊት ክብደቱ ቢጎትትሽስ? እጅሽስ ናፍጣ ናፍጣ ቢሸትስ? እኔ ብያዝ ልያዝ። አንቺን ግን… ወላሂ፣ ያን ማታ አጠገቤ ሳትተኚ ስትቀሪ፣ ብነግርሽ ታወሪያለሽ፣ ባልነግርሽ ትቀየሚኛለሽ፣ ብትቀየመኝም ትኑርልኝ አልኩ።"

"ከዚያ በኋላስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አባቴን ያዳንኩት እኔ ነኝ እያልሽ በየሰርጉ ስታወሪ ደስ ይልሽ ነበራ! የልጅን ኩራት ማን ይሰርቃል? ናፍጣው ይበቃኛል።"

መንገድ ላይ ቆመን እኔ አለቀስኩ፣ እሷ በሻካራ እጇ ፊቴን እየቧጠጠች አበሰችኝ። ከዚያ ባዶውን ጀሪካን በአንድ እጇ አነሣችና በሙሉው ጀሪካን መያዣ ላይ እጇን ገለል አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ነይ፣ በዚህ በኩል ያዢ" አለች።

"እጄ ያልበዋል።"

"አውቃለሁ። ያዢ።"

ያዝኩ። እርጥብ እጄ ደረቅ እጇ ላይ ተጋድሞ እስከ ሱቄ በር ሄድን። አንድ ጊዜ እንኳ አላንሸራተተኝም።